የሳንቲም ክበብ፦ ስህተት ፍለጋ ወጥተን ቅብ ይዘን ገባን

መምህራን ክፍል ውስጥ «ሳንቲም ለቃሚዎቹ» እንደምንባል አውቃለሁ። ይሁን። ዘንድሮ 19 ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቀርተዋል። ማንም አላስገደዳቸውም፤ ሻይ እንኳ አላቀረብንላቸውም።

ነገሩን የጀመረው ቲክቶክ ነው። «ስህተት ያለበት ሳንቲም ካላችሁ ሀብታም ናችሁ» የሚል ቪዲዮ ግቢውን አዳረሰ። ልጆቹም ኪሳቸውን፣ የእናታቸውን ሙዳይ፣ የሱቅ መሳቢያ ሳይቀር ፈትሸው መጡ። መሃሉ የወለቀ የአንድ ብር ሳንቲም ብቻ 4 ቀረበልን። አራቱም ላይ የመዶሻ ወይም የጉጠት ምልክት አለ። አንዱን ማን እንደቀጠቀጠው ደርሰንበታል፤ ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ እሱ ራሱን ያውቃል።

የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት በአንድ ጥያቄ አለቀ። ይህ ነገር የሆነው ማተሚያው ውስጥ ነው ወይስ ሳንቲሙ ገበያ ከወጣ በኋላ? እውነተኛው ስህተት ሳንቲሙ ማተሚያው ውስጥ ሲመታ ወይም ከዚያ በፊት ይፈጠራል። ሰው የቀባው ቅብ ግን ኋላ የመጣ ነው። ፊደሉ ተበልቶ እያለ የቅቡ ብልጭታ በተበላው ላይ ከተኛ፣ ሳንቲሙ መጀመሪያ ብዙ እጅ ዞሯል ማለት ነው።

ማግኔት ከተበላሸ ስፒከር ፈልቅቀን አወጣን። አሜሪካኖች በ1943 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለጦርነቱ መዳብ ለመቆጠብ ሲሉ አንድ ሳንቲማቸውን ዚንክ ከተለበጠ ብረት ሠርተው ነበር። ተሳስተው በመዳብ የተመቱት ጥቂቶቹ ዛሬ እጅግ ውድ ናቸው። ታዲያ ብረቱን መዳብ ቀብቶ የሚሸጥ አልጠፋም። ማግኔት ከያዘው ጉዱ ፈላ። የኛዎቹ ትንሽ ያስቸግራሉ። የ1969ኙን አስር ሳንቲም ማግኔት አይስበውም፤ አዲሶቹን ይስባቸዋል፤ ምክንያቱም ብረት ሆነው፣ ከላይ ተለብጠው ነው የሚመጡት። አንድ ልጅ ይህን ሲያይ «ቲቸር፣ መንግሥትም ይቀባል እንዴ?» ብሎ ክፍሉን አሳቀው።

ስለ ሌሎቹ ስብሰባዎች ብዙ የምለው የለኝም። ተሰበሰብን፣ መዘገብን፣ ተበተንን።

ጥር ላይ ግን እዚሁ ደሴ፣ ፒያሳ ወደ አንድ ብር ሠሪ ሱቅ ሄድን። የሄድነው የላቦራቶሪያችን ሚዛን ካምና ጀምሮ ስለማይሠራ ነው። ከገራዶ የምትመጣ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ነጭ ሃያ አምስት ሳንቲም በጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ነበር። አያቷ «የብር ናት፤ ለክፉ ቀን» ብለው የሰጧት ናት። ፲፱፻፴፮ የሚለው ቁጥር ይታያል፤ ጎድጎድ ያለው ቦታ ግን የተሞላ ይመስላል።

«አባባ፣ እኔው ልመዝን?» አለቻቸው።

«መዝኚ ልጄ።»

6.62 ግራም መጣ። ከዚያ የውሃ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጣ ቁጥሩን ወደ ዜሮ መለሰች። ሳንቲሟን በክር አስራ፣ ታቹን ሳታስነካ ውሃው ውስጥ አንጠለጠለቻት። ሚዛኑ 0.74 ጨመረ፤ ይህ ሳንቲሟ የገፋችው ውሃ ክብደት ነው። 6.62ን ለ0.74 መዳፏ ላይ አካፈለች። 8.9 ገደማ። የመዳብ ጥግግት 8.96፣ የብር 10.49 እንደሆነ ክፍላችን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል። አንገቷን ደፍታ ደግማ አካፈለች። ያው ነው።

«መዳብ ናት። ቅብ ናት» አለች።

ማንም አልነገራትም። በገዛ ሳንቲሟ ላይ ራሷ ፈረደች። ጉሮሮዬን አንድ ነገር ያዘኝ፤ መነጽሬን የምጠርግ መስዬ ዞርኩ።

ሽማግሌው ሳንቲሟን በአጉሊ መነጽር አዩና ጠርዟ ላይ ቀይ መስመር አሳዩን። የ1936ቱ ስሙኒ መጀመሪያ ክብ ነበረች፤ መጠኗም ከብር ከተሠራው ሽልንግ፣ ማለትም ከሃምሳ ሳንቲሙ ጋር ይቀራረብ ነበር። ኋላ ክቧ ተሰብስባ ጠርዟ እንደ አበባ የተገመጠችው ስሙኒ ወጣች። እሳቸው ሳቁ። «ይቺ ሽልንግ ነኝ እያለች ስንቱን ባለሱቅ ሸውዳ ይሆን!» አሉ።

ለአያቷ ምን እንደምትላቸው ጠየቅኳት። «እውነቱን ነዋ። ግን ክብ ስሙኒ እንደልብ እንደማትገኝም እነግራቸዋለሁ» አለች።

ዓመቱን ሙሉ አንድም እውነተኛ የማተሚያ ስህተት አላገኘንም። ይህን አልደብቅም። ኮምቦልቻ ወርደን ከሌላ ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ልንገናኝ የነበረውም በመኪና ኪራይ ብር እጦት ቀረ። ለኳስ መለያ ብር ሲገኝ አይተናል፤ ኳስም ጥሩ ነው። እኛ የምንጠይቀው እስከ 0.01 ግራም የሚያነብ አንድ ሚዛንና 5 አጉሊ መነጽር ነው። የአንድ ብር ሳንቲማችን ላይ ሚዛን ተቀርጿል፤ ላቦራቶሪያችን ውስጥ ግን የለም።

መስከረም ላይ ያው ሐሙስ እንቀጥላለን። ቤታችሁ የቆየ ሳንቲም ያላችሁ ወላጆች በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን፤ አይተን እንመልሳለን። አደራ፣ እንዲያምር ብላችሁ በሎሚ እንዳታሹት።