ይድረስ ቦፓል ላለሽው ጓደኛዬ

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ ጓደኛዬ፤ እንደምን ከረምሽ? ድምፄ ጠፍቶ መክረሙን ይቅር በይኝ። ለመመረቂያ ጽሑፍሽ በሕንድ የማድያ ፕራዴሽ ግዛት አንድ መንደር መምረጥሽን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የሕዝቡንና የመንገዱን ነገር አብረሽ ካላየሽው ግን መንደሩ አይገባሽምና ጥቂት ልበልሽ።

የሕዝብ ቁጥር ስትጠቅሺ ዓመቱን አትዝለዪ። በየመንደሩ የተዘረዘረው መረጃ አሁንም የ2011ዱ ቆጠራ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍልሽ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው)፤ የ2021ዱ በኮቪድ ምክንያት ሳይካሄድ ቀርቶ ወደ 2027 ተሻግሯል። ያኔ የተወለደ ሕፃን ዛሬ ጎረምሳ ነው። መንደሩን በስሙ ሳይሆን ባለ ስድስት አሃዝ መለያ ቁጥሩ ፈልጊው፤ ራምፑር የሚባል መንደር ስፍር ቁጥር የለውም። የተማሩትን ድርሻ ስታሰዪ ደግሞ እስከ ስድስት ዓመት ያሉትን ሕፃናት ቀንሰሽ ለቀሪው አካፍዪ።

ዋናው ጉዳይ መንገዱ የሚመጣው በሕዝብ ቁጥር መሆኑ ነው። በዲሴምበር 2000 የተጀመረው የጠቅላይ ሚኒስትሩ የገጠር መንገድ ፕሮግራም በሜዳማ አካባቢ 500፣ በተራራማ፣ በበረሃማና በጎሳ አካባቢዎች 250 ነዋሪ ያለውን ሰፈር ከመንገድ ለማገናኘት ነው የተነሳው። ልብ በዪ፣ ሰፈር ነው እንጂ በቆጠራው መዝገብ ላይ ያለው መንደር አይደለም። 1,200 ሰው ያለው መንደር 400፣ 400 ሆኖ በሦስት ተራርቀው በተቀመጡ ሰፈሮች ከተበተነ አንዳቸውም 500 አይሞሉም፤ ጎረቤቱ ያለው ተጠጋግቶ የሰፈረ 520 ሰው ግን መንገዱን ያገኛል። ስለዚህ የመንደሩን ድምር ይዘሽ «ለምን መንገድ ቀረበት?» ብለሽ አትደነቂ፤ የሰፈሮቹን ዝርዝር ጠይቂ። በ2024 የጸደቀው አራተኛው ምዕራፍም የሚለካው በዚያው በ2011 ቁጥር ነው። የኢኮኖሚ ተመራማሪዎቹ ሳም አሸርና ፖል ኖቮሳድ ከዚህ የሕዝብ ቁጥር መስፈርት ጥቂት ከፍና ጥቂት ዝቅ ያሉትን መንደሮች አነጻጽረው በ2020 ያሳተሙትን ጥናት አንብቢው፦ መንገዱ ሰዉን ከእርሻ ወደ ሌላ ሥራ አውጥቶታል፤ ምርቱንና ገቢውን ግን ብዙም አልለወጠም።

መንገድ አለ ማለት አውቶቡስ አለ ማለትም አይደለም። የቆጠራው ሠንጠረዥ የመንግሥት አውቶቡስን፣ የግል አውቶቡስን፣ ባጃጅን፣ ታክሲን፣ ትራክተርን ሳይቀር ለየብቻ ይመዘግባል። አገልግሎቱ መንደሩ ውስጥ ከሌለ ርቀቱን በፊደል ያስቀምጣል፦ «ኤ» ከ5 ኪሎ ሜትር በታች፣ «ቢ» ከ5 እስከ 10፣ «ሲ» ከ10 በላይ። በማድያ ፕራዴሽ የመንግሥት አውቶቡስ ድርጅት እንዲዘጋ በ2005 ስለተወሰነ የግሉን አምድ አጥብቀሽ እዪ። ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ግን ሠንጠረዡ አይነግርሽም፤ የመጨረሻው መኪና ከገበያ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሴቶቹን ጠይቂ። ታማሚ በሌሊት በምን እንደሚወሰድም እንዲሁ።

«ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ» የሚለውን ቃል በጥንቃቄ ያዢው። በፕሮግራሙ መመሪያ አስፋልት መሆን ግዴታው አይደለም፤ ውኃው መውጫ አግኝቶ መኪና ካሳለፈ ጠጠርም ይበቃል። ለአጭር ጊዜ መቋረጡም ይፈቀዳል። በዚያ አገር ብዙ ቦታ መሬቱ እንደኛው ኮትቻ ነው፤ በዝናብ ያብጣል፣ በፀሐይ ይሰነጠቃል። ከመንገዱ ሥር ያለው የውኃ ማሳለፊያ ፉካ ከጠበበ ወይም በደለል ከተሞላ ውኃው ጥርጊያውን ያርሰዋል፣ አስፋልቱ ከጫፉ ይረገፋል። አስፋልቱ ራሱ ጠባብ ነው፦ 3.75 ሜትር፣ በቀን ከ100 በታች ተሽከርካሪ በሚያልፍበት ደግሞ 3 ሜትር ብቻ። አውቶቡስና የጭነት ትራክተር ሲተላለፉ አንዱ ወደ አፈሩ ይወርዳል፤ ጫፉ የሚጎዳውም ያኔ ነው።

መንደሩ ስትደርሺ መንገዱ ዳር የቆመውን ሰሌዳ ፎቶ አንሺው። በየንብርብሩ የገባው ጠጠርና አስፋልት መጠን በአካባቢው ቋንቋ ሊጻፍበት ይገባል። ሥራ ተቋራጩ ለአምስት ዓመት የመጠገን ግዴታ ስላለበት የተጠናቀቀበትን ቀንም መዝግቢ፤ አምስቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ጉድጓዱን የሚደፍነው ማን እንደሆነ ጠይቂ። ከቻልሽ በነሐሴ ሂጂ፣ ዝናቡ ሳያባራ።

የመንደሩን መለያ ቁጥር ላኪልኝ፣ ሠንጠረዡን አብረን እናየዋለን። መልስሽን እጠብቃለሁ።

ወዳጅሽ