ይድረስ ለተረት ወዳጄ

ውድ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ እንዴት ናቸው? እኔም፣ እናቴም፣ ያ የምታውቂው የእኅቴ ልጅም እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ መቆየቴን በሥራ ብዛት አላመካኝም፤ ሥራ በዝቶብኝ ቢሆን ኖሮ በየማታው ልብ ወለድ የማነብበትን ጊዜ ከየት አመጣው ነበር? ዝም ያልኩት አፍሬ ነው። ያን ወፍራም መጽሐፍ በሰው እጅ ልከሽልኝ፣ በስልክ «ተረት ለልጅ ነው፤ ለእኔ ቁም ነገር ላኪልኝ» ብዬ የመለስኩልሽን አንቺ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። መጽሐፉን አንብቤ ከጨረስኩት በኋላ ደግሞ ተሳስቻለሁ ብሎ መጻፉ ይበልጥ ከበደኝ።

መጽሐፉ የፍራንክ ኸርበርት «ዲዩን» ነበር። በ1965 የታተመ ስለሆነ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልሽ፣ ከአንድ ቦታ በቀር) አዲስ ልለው አልችልም፤ ዴኒ ቪልነቭ በ2021 እና በ2024 በሁለት ክፍል ፊልም ካደረገው ወዲህ ግን የእኅቴን ልጅ የሚያህሉ ወጣቶች ትናንት የተጻፈ ይመስል የሚያወሩለት ነገር ሆኗል። እኔንም ወደ መጽሐፉ የመራኝ ፊልሙ ነው፤ ከፊልሙም አንድ ጊዜ የተተፋ ምራቅ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ልጁ ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ የመጀመሪያውን ክፍል ከፈተ፤ እናቴ ከጎናችን ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር። እንግሊዝኛ ስለማታውቅ አልፎ አልፎ ቀና እያለች ከማየት በቀር ነገሬ አላለችውም። አራኪስ የምትባለውን በረሃማ ፕላኔት ሊያስተዳድር የመጣው መስፍን ከሹማምንቱ ጋር ሳለ፣ ፍሬመን ከሚባለው የበረሃ ሕዝብ አለቆች አንዱ የሆነው ስቲልጋር ይገባል፤ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብሎ፣ መስፍኑን ዓይን ዓይኑን እያየ፣ ጠረጴዛው ላይ ምራቁን እንትፍ ይላል። የመስፍኑ ሰዎች በቁጣ ይነሣሉ። ልጁ «አይ ድፍረት!» ብሎ ሳቀ። እናቴ ግን እንዝርቷን ሳታስቀምጥ «ምን ያስቆጣቸዋል? መረቃቸው እኮ ነው» አለች። ወዲያውም የበረሃውን ሰዎች ኑሮ የሚያውቀው ወታደር ጓደኞቹን አስቁሞ፣ ከገላው እርጥበት ስለ ሰጣቸው እንግዳውን አመሰገነና እሱም በተራው ተፋ፤ መስፍኑም ተከተለ። ከሦስታችን ነገሩ ቀድሞ የገባት ቋንቋውን የማትሰማው እሷ ነበረች።

በማግስቱ መጽሐፉን ከመደርደሪያ አወረድኩት። አንቺ በስልክ ልታስረጂኝ ስትሞክሪ እኔ ያላስጨረስኩሽ ነገር ይህ መሆኑን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው፤ ዓለምን ከባዶ የሚፈጥር ደራሲ ከድግምቱና ከጭራቁ በፊት በዚያ ዓለም ውስጥ ብርቅ የሆነው ነገር ምን እንደ ሆነ ከወሰነና ከውሳኔው ፈቀቅ ካላለ፣ ሰላምታው፣ ለቅሶው፣ ቀብሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይከተላል። በአራኪስ ብርቁ ውኃ ስለሆነ የሞተ ሰው ገላ ውኃ ለጎሣው ይመለሳል፤ የመስፍኑ ልጅ፣ ወጣቱ ፖል፣ በገዛ እጁ ለገደለው ሰው ሲያለቅስ ደግሞ ሰዎቹ ለሙት ውኃ ሰጠ ብለው ይደነቃሉ። እኔ በሕይወቴ ስንት ለቅሶ ቤት ተቀምጫለሁ፤ እንባ ዋጋ ያለው ስጦታ ሆኖ የታየኝ ግን እዚያ ገጽ ላይ ነው።

ውኃው ከገባኝ በኋላ ያሳሰበኝ ትንቢቱ ነው። ቤኔ ጄሰሪት የሚባለው የሴቶች ማኅበር በየፕላኔቱ አስቀድሞ የአዳኝ ትንቢት ይዘራል፤ ከማኅበሩ አንዲቷ በባዕድ አገር መከራ ሲያገኛት የተዘራውን አጭዳ እንድትድንበት ነው። ፖልና እናቱ የሚተርፉት በዚህ ነው። ይህን እያነበብኩ ሐሳቤ ደረስጌ ማርያም ደረሰ። ካሣ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. (ያልኩሽ አንድ ቦታ ይህ ነው) ዘውድ ሲጭኑ «ቴዎድሮስ» የሚለውን ስም የመረጡት፣ በ«ፍካሬ ኢየሱስ» በዚያ ስም የሚነግሥ ጻድቅ ንጉሥ ይመጣል ተብሎ ሲጠበቅ ስለኖረ መሆኑን ተምረን አድገናል። ካሣ ትንቢቱን አገኙት እንጂ አልዘሩትም፤ ነገር ግን የሚጠበቅን ስም የለበሰ ሰው ስሙ ወዴት እንደሚነዳው ለማወቅ ለእኛ ወደ ሌላ ፕላኔት መሄድ አያስፈልገንም። በሁለተኛው ፊልም ፖል እኔ መሢሕ አይደለሁም ሲል፣ ስቲልጋር ይህ ትሕትናው ራሱ መሢሕነቱን ያረጋግጣል ብሎ ይደመድማል። ልጁ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ግን ሳቄ አልቆየም። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ጊዜ ገጥሞኛል፤ ማስረጃ ስታቀርቢለት እምነቱ የሚጠነክር።

አንድ ትንሽ ነገር ላክልልሽ። ፍሬመኖች ፖልን በሚጠብቁት አዳኝ ስም «ሊሳን አል ጋይብ» ሲሉት ልጁ ከደራሲው ጭንቅላት የወጣ ቃል መስሎት ነበር። ልሳን እኮ ልሳን ነው! ኸርበርት ከዐረብኛ የወሰደው፣ ከእኛም ከግዕዝ ወገን ያለን ቃል። ስለዚህ ፊልሙ በዮርዳኖስና በአቡ ዳቢ አሸዋ ላይ ተቀርጾ ሲያበቃ፣ በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚያስተጋባውን «ጂሃድ» የሚለውን ቃል አውጥቶ በ«ቅዱስ ጦርነት» መተካቱ አላስደሰተኝም። የፈሩትን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አሸዋውን ወስዶ ቃሉን መተው ደግ አይመስለኝም።

ፊልሙ መጽሐፉን የሚበልጥበት ቦታ ግን አለ፤ በዚህ ከእኔ ጋር እንደማትስማሚ እገምታለሁ። በመጽሐፉ የፖል ፍቅረኛ የሆነችው የፍሬመኖቹ ልጅ ቻኒ ፖልን ታምናለች፤ እሱ ለሥልጣን ሲል የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ሊያገባ ሲወስን፣ የፖል እናት ለቻኒ፣ ታሪክ እኛን ሚስቶች ብሎ ይጠራናል በምትላት ማጽናኛ ነገሩ ይዘጋል። አንድ ሺህ ዓመት ቢያልፍ ይህ ማጽናኛ አይዋጥልኝም። በፊልሙ ቻኒ ከመጀመሪያው ትንቢቱን የማታምን ናት፤ ሁሉም ሲንበረከክ አትንበረከክም፤ በመጨረሻ ብቻዋን ወደ አሸዋው ወጥታ፣ የምትጋልበውን ግዙፍ የበረሃ ትል ትጠራለች። ኸርበርት በ1969 ሁለተኛውን መጽሐፍ የጻፈው ፖል ማስጠንቀቂያ እንጂ አርአያ አለመሆኑን በግልጽ ለማሳየት ነው። ቪልነቭ ግን ያንኑ ለመናገር ሌላ መጽሐፍ አላስፈለገውም፤ የአንዲት ሴት ፊት በቃው።

በዚህ ተበረታትቼ ወደ አዲሶቹ ተሻገርኩ። የ2022ቱን የሬቤካ ኩዋንግ «ባቤል» አንብበሽው ከሆነ የእኔን ዕለታዊ እንጀራ አይተሽበታል ማለት ነው፤ ሰነድ እየተረጎምኩ የምኖር ሰው፣ ድግምቱ ትርጉም የሆነ ልብ ወለድ አገኛለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበርና። በ1830ዎቹ ኦክስፎርድ ውስጥ ተርጓሚዎች በብር ቁራጭ ላይ የሁለት ቋንቋ ተዛማጅ ቃላት ይቀርጻሉ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር የጠፋውን ትርጉም ብሩ እውን ያደርገዋል። ገና ከመግቢያው፣ ካንቶን ውስጥ በኮሌራ ሊሞት የተቃረበው ልጅ የሚድነው፣ በፈረንሳይኛ የመርዝ ማርከሻ፣ በእንግሊዝኛ ደግሞ የስኳር ዝቃጭ በሆነ አንድ ሥር ባላቸው ሁለት ቃላት ነው፤ በአፉም ጣፋጭ ነገር ይቀምሳል። መጽሐፉን ዘግቼ ለራሴ ብር ስቀርጽ አመሸሁ። በአንዱ ፊት «ይሉኝታ»፣ በሌላው ፊት የእንግሊዝኛውን «ሼም» ብጽፍ፣ ብሩን የያዘ ምስኪን «ጠግቤአለሁ» እያለ በረሃብ ያልቅ ነበር!

ያላማረኝን ልደብቅሽ አልችልም። ኩዋንግ አንባቢዋን አታምነውም። የእንግሊዝ መንግሥት ቻይና ላይ ኦፒየም በጦር ኃይል ሊጭን ሲዘጋጅ፣ ክፉዎቹ ክፋታቸውን በገዛ አፋቸው ይዘረዝሩልናል፤ በዚህ ላይ የግርጌ ማስታወሻ ይጨመርበታል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ወርቁን ፈልቅቆ እንዲያገኝ ዕድል ሊሰጠው ይገባ ነበር።

ስለ ጀግና ፊልሞቹ ብዙ አልልሽም፤ ሰልችተውኛል። ከሁሉም ያስታወስኩት የ2018ቱን «ብላክ ፓንተር» ነው፤ እሱንም ስለ አንድ ሰው። አረንጓዴ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ የከንፈር ገል አድርጎ ዋካንዳ ከምትባለው የፊልሙ የፈጠራ አገር ሽማግሌዎች ጋር የሚቀመጠውን ታስታውሺዋለሽ። አለባበሱ ግሩም ነው፤ ግን በእኛ አገር፣ በሙርሲም ሆነ በሱርማ፣ ገሉን የሚያደርጉት ሴቶች ናቸው። የሴቶቹን ጌጥ ለወንድ ሹም ሲሰጡት ማንንም አልከነከነም፤ እኔ ግን ጦርነቱ ሁሉ ሲንኮታኮት ያን ከንፈር እያሰብኩ ቀረሁ።

ሦስተኛው የ«ዲዩን» ፊልም የ1969ኙን መጽሐፍ እንደሚከተል ሰምተሻል። ቻኒን ጥላ እንድትሄድ ካደረጓት በኋላ እንዴት አድርገው ወደ ታሪኩ እንደሚመልሷት አልታይ ብሎኛልና የምታስቢውን ጻፊልኝ፤ ከፈለግሽም ደውይና ተቆጪኝ። መጽሐፍሽ አሁን በእኅቴ ልጅ እጅ ነው፤ መሐሉ ላይ የምታይው የቡና ጠብታ የእኔ ሳይሆን የእሱ ነው። እናቴ ላንቺ እየጻፍኩ መሆኑን ስነግራት «እሷስ መቼ ነው የምትመጣው?» አለች። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የማትረሳሽ ወዳጅሽ