አሮጌ ቤት ሥራ ይሰጠው

ለአዘጋጁ፣

«ታሪካዊ ቤት ሁሉ ሙዚየም ብቻ ይሁን» ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም።

ስድስት ኪሎ ያለውን ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንይ። መጀመሪያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያ ነበር። ጣሊያን ሲገባ የግራዚያኒ መቀመጫ ሆነ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ቦምብ የተወረወረበትም እዚያው ግቢ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ደግሞ የታገቱ ባለሥልጣናት አረንጓዴው ሳሎን ውስጥ ተረሸኑ። ከዚያ በኋላ ንጉሡ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ተማሪ ገባበት፣ ተመራማሪ ገባበት። የንጉሡ መኝታ ክፍል ዛሬም ይጎበኛል፤ የእቴጌይቱ መታጠቢያ ቤት ሳይቀር። (እውነቱን ለመናገር ብዙ ሰው አፍጥጦ የሚያየው መታጠቢያ ቤቱን ነው።)

ፋሺስቶች የሥልጣን ዘመናቸውን ሊቆጥሩበት የሠሩት ደረጃ እንኳ አልፈረሰም። አናቱ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ምን የመሰለ መልስ ነው!

ፒያሳና አካባቢው የቀሩት አሮጌ ቤቶችም ተቆልፈው ዝናብ ከሚበላቸው ቤተ መጻሕፍት ይሁኑ፣ ክሊኒክ ይሁኑ፣ ካፌም ቢሆኑ ግድ የለኝም። በረንዳውንና የእንጨት ጌጡን ግን አደራ፣ እንዳትነኩት።

ከአራት ኪሎ፣ አንድ አንባቢያችሁ