ለሃያት፣ ስለ ወንድምሽና ስለዚያ መጽሐፍ

ውድ ልጄ ሃያት፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ጅማ ዝናቡ በርትቷል።

ባለፈው ስትደውዪ ስለ ታናሽ ወንድምሽ ያልሽው ከልቤ አልወጣም። «አባ፣ እሱ መጽሐፉ ላይ እንዳነበብኳቸው፣ ጣፋጩን ቶሎ እንደበሉት ልጆች ነው፤ ትዕግሥት የለውም፣ ትምህርትም አይዘልቅም» አልሽኝ። አጠገቤ ሆኖ ሰምቶሻል። ማንበብሽ ያኮራኛል፤ ይህን ፍርድ ግን አልቀበልሽም።

ሙከራውን አውቀዋለሁ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዋልተር ሚሸል በአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፣ ፊቱ ያለውን አንድ ጣፋጭ ሳይበላ ለሚጠብቀው ልጅ ሁለት ጣፋጭ ቃል ይገባ ነበር። ከዓመታት በኋላ የታገሡት በፈተና በልጠው ተገኙ። ታሪኩ ያምራል፣ መጽሐፍም ይሸጣል። ግን ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲው ሰዎች ልጆች ነበሩ፤ የፈተና ውጤታቸው የተገኘውም መቶ አይሞሉም። እዚህ ሂርማታ ገበያ ቡና የሚገዛ ሰው ከጆንያው አፍ ብቻ ዘግኖ ዋጋ አይቆርጥም፤ ከመሐልም ከሥርም አውጥቶ ያያል። በፈረንጆቹ 2018 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ ልጆችን ሲመለከቱ በመታገሥና በፈተና ውጤት መካከል ያለው ዝምድና በግማሽ ቀነሰ። የቤተሰቡ ገቢ፣ የእናት ትምህርትና የመሳሰለው ሲታሰብ ደግሞ ከቀረው ሁለት ሦስተኛው ጠፋ። አየሽ? የልጁ ጠባይ ያልነው አብዛኛው የቤቱ ኑሮ ነበር።

ደግሞ የካሜሩኖቹ የንሶ ገበሬዎች ልጆች አሉ። በ2017 በታተመ ጥናት በዚሁ ዓይነት ሙከራ ከመቶ 70 ያህሉ ሲጠብቁ ከጀርመኖቹ ልጆች የጠበቁት ከመቶ 30 አይሞሉም። የጀርመን ልጆች አይማሩም ልንል ነው? ይህን በብዙዎቹ ታዋቂ መጻሕፍት ውስጥ አታገኚውም፤ እኔን የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ሥነ ልቦና ከንቱ ነው አላልኩም። በ2015 ራሳቸው የሙያው ሰዎች ናቸው 100 ጥናቶችን ደግመው ሠርተው፣ ውጤቱ የተደገመላቸው ከሲሶ ብዙም እንደማይበልጡ በግልጽ ያወጁት። እንዲህ ያለ ሙያ ይከበራል። ስለዚህ ስታነቢ «ስንት ሰው? የማን ልጆች? ሌላ ሰው ደግሞታል?» በዪ። መልሱ ከሌለ አድንቀሽ እለፊ፤ ሰው ላይ ግን አትፍረጂበት።

ወንድምሽ አሁን የሂሳብ ደብተሩን ሲከፍት «እኔ እኮ አልችልም» ማለት ጀምሯል። እባክሽ ዛሬ ማታ ለእኔ ሳይሆን ለእሱ ደውዪለት።

አባትሽ