ስለ መታሰቢያው ሥዕል

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰቡ ሁሉ እንደምን ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ብርዱንም ለምጄዋለሁ።

በረሃ ላይ ታግቶ ለተገደለው ለአክስቴ ልጅ ማስለቀቂያ ተዋጥቶ ሳይደርስለት በቀረው ገንዘብ፣ አክስቴ የመታሰቢያ ሥዕል ሊያሠሩለት መወሰናቸውን ሰማሁ። ሠዓሊው እርስዎም «ልጁን ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ እንዴት አድርጌ ልሣለው?» ብለው አሳብዎ መከፈሉን ነገሩኝ። የእኔን አስተያየት ከጠየቁኝ አይቀር፣ እዚህ ኦክስፎርድ ስላየሁት ባለቀለም መስታወት የመታሰቢያ መስኮት ልጻፍልዎ።

ክራይስት ቸርች የሚባል ኮሌጅ አለ። ጸሎት ቤቱ የሀገረ ስብከቱም ካቴድራል ነው። መስኮቱ የተሠራው እዚያው ለተማረ ፍሬድሪክ ቫይነር ለሚባል ወጣት ነው። በፈረንጆች ሚያዝያ 1870 ማራቶን የሚባለውን የግሪክ ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ጎብኝቶ ወደ አቴንስ ሲመለስ ሽፍቶች ያዟቸው። ሴቶቹን ለቀቁ፤ ከወንዶቹም ሎርድ ማንካስተርን ገንዘቡን እንዲያመጣ ላኩት። ማን ይሂድ ተብሎ ሲጣል ዕጣው የወጣው ለቫይነር ነበር፣ እሱ ግን ለባለትዳሩ ለማንካስተር ለቀቀለት ይባላል። ገንዘብማ አልጠፋም። ሽፍቶቹ ምሕረትም ካልተደረገልን አሉ፣ የግሪክ መንግሥት እምቢ አለ፣ ወታደር ተከተላቸው። ሲሸሹ ዲሌሲ ከሚባል ቦታ አጠገብ አራት ምርኮኞችን ገደሉ፤ ቫይነር አንዱ ነበር። ይህን ሳነብ የኛ ልጅ የደወለልን ሌሊት ትዝ ብሎኝ ጥቂት አቆምኩ።

የተሰበሰበው ገንዘብ ምን ሆነ ቢሉ፣ እናቱ ሌዲ ሜሪ ቫይነር ዮርክሻየር ውስጥ ስኬልተን ላይ ቤተ ክርስቲያን አሠሩበት ይባላል። ስሙም «አጽናኙ ክርስቶስ» ነው። «በሙት ገንዘብ ሥዕል ይሠራል ወይ?» እያሉ አክስቴን ለሚያስከፉት ዘመዶች ይህን ይንገሩልኝ።

መስኮቱን የነደፈው ኤድዋርድ በርን ጆንስ ነው፤ የሠራው ደግሞ የወዳጁ የዊልያም ሞሪስ ድርጅት፣ በ1872 እና በ1873። ሁለቱ የተዋወቁት እዚሁ ኦክስፎርድ፣ ቄስ ለመሆን አስበው ሲማሩ ነበር። ቀለሙ ከላይ የተቀባ እንዳይመስልዎ። መስታወቱ ገና ሲቀልጥ ኮባልት ከገባበት ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፤ ሌላውም ቀለም እንዲሁ በየማዕድኑ ነው። ከዚያ በንድፉ ልክ እየተቆረጠ እርሳስ በሚባለው ማዕድን ይያያዛል፤ እርሳሱም እርስዎ ሥዕሉን እንደሚከቡበት ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። በብሩሽ የሚሠራው ፊቱ፣ እጁና የልብሱ እጥፋት ነው። የብረት ዝገት ከተፈጨ መስታወት ጋር ተቀላቅሎ ይሣልና በምድጃ ይተኮሳል። ወርቃማውን ቢጫ ደግሞ ከብር ያወጡታል! ይህ እርስዎን ሳያስደንቅ አይቀርም።

የቆሙት አራት ናቸው፦ ሳሙኤል፣ ዳዊት፣ ወንጌላዊው ዮሐንስና ጢሞቴዎስ። ሁሉም በለጋነታቸው የተጠሩ። ጢሞቴዎስ እንኳ ጳውሎስ ወጣትነቱን ማንም እንዳይንቅበት የመከረው ነው። ለእኔ ዓይን ፊታቸው በጣም ይመሳሰላል፣ ደግሞም የደከማቸው ይመስላሉ። እርስዎ ቢያዩዋቸው «ጾም በዝቶባቸዋል» የሚሉ ይመስለኛል። የወደድኩላቸው አራቱ የቆሙት ለተጠሩበት መሆኑን ነው፤ ስለ ሽፍቶቹ የሚያወራ አንድም ነገር አላየሁባቸውም።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ሌላም የመታሰቢያ መስኮት አለ። የኮሌጁ አለቃ የዲን ሊደል ልጅ ኢዲት በ1876 ልትዳር ስትል ሞተች። በርን ጆንስ ለመታሰቢያዋ ቅድስት ካትሪንን ሲሠራ መልኳን ለቅድስቷ ሰጣት። ውብ ነው፤ ግን አልተዋጠልኝም። እናት ለጸሎት በቀረበች ቁጥር የልጇ ፊት ሊገጥማት ነው። እርስዎም የቅዱሳንን መልክ በጎረቤት መልክ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ እንደኛው ደንብ ይሁን። ከእመቤታችን ሥዕል ግርጌ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ተደፍቶ ሲማፀን ይሣሉት። አክስቴ አገር እንዲያውቀው በረሃውም ሰንሰለቱም ይሣል ማለታቸውን ሰምቻለሁ። ሐዘናቸው ይገባኛል፣ ነገር ግን አይሆንም ይበሏቸው። በሰንሰለት ታስሮ የሚታይበትን ያንን ፎቶ የላኩት ለገንዘብ ሲሉ ገዳዮቹ ናቸው፤ እነሱ ባነሱት ፎቶ ለምን እናስታውሰዋለን? ካመረሩም ለእኔ ይተዉት፣ ደውዬ እነግራቸዋለሁ።

የክርስትና ስሙን ግን ከእሳቸው ጠይቀው በትክክል ይጻፉት፤ እኛ የምናውቀው የቤት ስሙን ብቻ ነው። ለቀለምና ለሸራ የሚጎድል ካለ ሳያፍሩ ይላኩብኝ። ሠዓሊውም አጎቱ ስለሆነ በነፃ ይሥራ የሚል ከመጣ አይስሙት፤ የእጅዎን ዋጋ ይውሰዱ።

አክባሪ ልጅዎ
ከኦክስፎርድ