ሦስቱን ልቦች የት አደረስካቸው?

ልጄ፣

እሑድ ስልኩን ከዘጋህ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ረዳት ፕሮፌሰር ከሆንክ ገና ስምንት ወርህ ነው። የራስህ ላቦራቶሪ፣ የራስህ ቁልፍ፣ የራስህ ሁለት ተማሪዎች። ደስ ብሎኛል፣ እሱን አትጠራጠር። ግን እየሳቅህ ጣል ያደረግካት አንዲት ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። «ከ11 የአይጥ ልቦች 3ቱን ከውጤቱ አወጣኋቸው፣ ግራፉ አማረ» አልከኝ። ለምን ስልህ «ከሌሎቹ ጋር አይሄዱም።»

ከሌሎቹ ጋር አይሄዱም! ይህን ከተማሪህ አፍ ብሰማው እቆጣ ነበር። ከልጄ አፍ ስሰማው ደነገጥኩ።

እንደ ልማዴ ብዙ እቀባጥር ይሆናል። አንተ ግን ይቺን ያዝልኝ፦ አስቸጋሪዋን ልብ አትጣል።

የሰባት ዓመት ልጅ ሆነህ ላቦራቶሪ ይዤህ የሄድኩበት ቀን ትዝ ይልሃል? የሚጠብቅህ ሰው ጠፍቶ ነበር። ወንበር ላይ ቆመህ ስታይ የአይጧን ልብ ቀዝቃዛው ፈሳሽ ውስጥ ነከርኩ፤ ቱቦውን በአኦርታዋ፣ ከልቧ በሚወጣው ዋና የደም ሥር፣ አፍ አስገብቼ በሐር ክር አሰርኩ። ግራጫ ብላ ተንጠልጥላ ነበር። 37 ዲግሪ የሞቀው ፈሳሽ ሲወርድባት መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቀላ አለች፣ ከዚያ መምታት ጀመረች። አንተ እጅህን ደረትህ ላይ አድርገህ «እማዬ፣ አይጧ ሞታለች፣ ልቧ ግን አልሰማችም» አልክ። ሳይንቲስቱ ላንገንዶርፍ ይህን ዘዴ ካወጣበት ከ1895 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስንቱ ፕሮፌሰር ሲያብራራው ኖሯል፤ እንዳንተ ያሳጠረው አላየሁም።

አውቃለሁ፣ መውጣት ያለባት ልብ አለች። ቱቦው ጠልቆ ቫልቩን፣ የአኦርታዋን በር፣ ካለፈ፣ የአየር አረፋ የልቧ ደም ሥር ውስጥ ከገባ፣ ለማሰር ከልክ በላይ ከዘገየህ፣ አውጣት። ማንም አይወቅስህም። ነገር ግን ደንቡን ሙከራው ሳይጀመር ደብተር ላይ አስፍር፤ መነሻ ምቷ ከዚህ በታች ከሆነ፣ ማሰሪያው ከዚህ ደቂቃ ካለፈ ትወጣለች ብለህ፣ ከነቀኑ። የወጡትንም ስንት እንደሆኑና ለምን እንደወጡ ፔፐሩ ውስጥ ጻፍ። ግራፉን ካየህ በኋላ የምታወጣው ደንብ ሰበብ ነው።

የልብ ፈሳሹን የቀመረውን ሐኪም፣ ሲድኒ ሪንገርን፣ ለተማሪዎችህ ታስተምራለህ አይደል? ታሪኩንም ንገራቸው እንጂ፣ የፈሳሹን ቀመር ብቻ አታስሸምድዳቸው። በ1882 ለንደን ውስጥ የእንቁራሪት ልብ በጨው ፈሳሽ ሲያስመታ ቆይቶ ውጤቱን አሳተመ። በኋላ ነው ፈሳሹ በዲስቲልድ (ተንኖ በተጣራ) ውሃ ሳይሆን በቧንቧ ውሃ እንደተሠራ የደረሰበት። በዲስቲልድ ውሃ ሲደግመው ልቧ እየደከመች ሄደች። ለካ ሲያስመታት የነበረው የቧንቧው ውሃ ውስጥ ያለው ካልሲየም ኖሯል። ሰውዬው ምን አደረገ? በ1883 ውሃው የቧንቧ ነበር ብሎ በገዛ ስሙ አሳተመ። ልብ ለመኮማተር ካልሲየም እንደምትፈልግ ያወቅነው እንዲህ ነው። እነዚያን የደከሙ ልቦች «ከሌሎቹ ጋር አይሄዱም» ብሎ ቢጥላቸውስ?

ደግሞ እራትህን ብላ። ድምፅህ ከስቷል። ድምፅ ይከሳል ወይ አትበለኝ፣ ይከሳል።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ተባባሪ ፕሮፌሰር የሆንኩበትን ፔፐር ታውቀዋለህ፤ አባትህ በፍሬም አድርጎ ሳሎን የሰቀለው። ሁለተኛው ግራፍ ላይ ስድስት ልቦች የሉም።

የሠራቻቸው ተማሪዬ ናት። ቀን ታስተምር ስለነበር ሙከራዋን አንዳንዴ ጠዋት፣ አንዳንዴ ማታ ትሠራለች። ፈሳሹን ለ30 ደቂቃ ትዘጋና ትከፍተዋለች፤ ከዚያ ልቧ ምን ያህል ጉልበቷን እንደመለሰች ትለካለች። የማታዎቹ አመላለሳቸው ከጠዋቶቹ ይለይ ነበር። ይዛልኝ መጣች። እኔ የዕድገት ማመልከቻዬ ሊዘጋ ሦስት ሳምንት ቀርቶኛል። ኮሚቴው የሚቆጥረው ፔፐርና የምርምር ገንዘብ ነው፤ የአይጥ ልብ በስንት ሰዓት እንደታሰረች የሚጠይቅ የለም። «ማታ እጅሽ ስለሚደክም ነው፣ አውጫቸው» አልኳት። «እጄ አልደከመም» አለች። ቀስ ብላ ነው ያለችው። አወጣቻቸው። ግራፉ አማረ።

በዓመቱ ከላቡ ወጣች፣ ከሳይንሱም ጭምር። በእኔ ምክንያት ነው ብላ አታውቅም፤ እኔም ጠይቄያት አላውቅም።

በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመውን የፈረንሳዮቹን ጥናት አንተ ራስህ ነህ የላክልኝ። ሊል ከተማ ውስጥ የአኦርታ ቫልቭ ከተቀየረላቸው ሰዎች መካከል ከሰዓት በኋላ የተሠራላቸው፣ ጠዋት ከተሠራላቸው ይልቅ ከባድ የልብ ችግር ያነሰባቸው ነበሩ። «እማ፣ ልብም ሰዓት ታያለች» ብለህ ነበር። አልመለስኩልህም። ያን ሌሊት የተማሪዬን ደብተር ከመደርደሪያ አወረድኩት። በእያንዳንዷ ልብ ጎን፣ በዚያች ደቃቅ ጽሕፈቷ፣ ሰዓቱ አለ። 1:40። 2:15። ማታ። ልጅቷ ጽፋዋለች።

እሷ ቀድማ አግኝታው ነበር አልልም። አይጥ ማታ የምትነቃ እንስሳ ናት፣ ሰው ሌላ ነው፤ ስድስት ልብም ምንም አያረጋግጥም። ጥያቄው ግን ጠረጴዛዬ ላይ መጥቶ ነበር፣ በእጄ ገፋሁት። ፍሬሙን አውርደው ስለው አባትህ ለምን ይለኛል። ይኸው ለምን እንደሆነ።

ስለዚህ አስቸጋሪዋን ልብ አትጣል። ሦስቱን መልሳቸው። ግራፉ ይበላሽ፣ ገምጋሚው ይነጫነጭ፣ ፔፐሩ በስድስት ወር ይዘግይ። ምናልባት ሦስቱም አረፋ ገብቶባቸው ነው፣ ምናልባት ሦስቱንም የሠራው አንዱ ተማሪህ ነው። እንደዚያ ከሆነ አትጩኽበት። ቁጭ በልና እጁን እያየህ አብራችሁ አንዷን ሥሩ። በዚያው የፈሳሹን ቀን፣ የአይጧን ክብደትና ጾታ፣ ሰዓቱን እዩ።

ሌላም አለ። አልጋህ አጠገብ እስክሪብቶ አስቀምጥ፣ ስትጽፍ ግን መብራቱን አብራ። ሳይንቲስቱ ኦቶ ሎዊ በሁለት የእንቁራሪት ልቦች የሚሠራውን ሙከራ በሕልሙ አይቶ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አድርጎ ተኛ፤ ጠዋት ጽሕፈቱን ራሱ ማንበብ አቃተው። በማግስቱ ሌሊት ሐሳቡ ሲመለስለት አልጻፈም፣ በቀጥታ ወደ ላቡ ሄደ። በ1936 ኖቤል አገኘበት። አንተ ግን በሌሊት አትሂድ፣ ተኛ። ልብ በሞላች ቁጥር አብልጣ ትገፋለች ብለህ ታስተምራለህ፤ ለእሱም ልክ አለው፣ ለአንተም። ግባ ያሉህን ሁለተኛውን ኮሚቴ እምቢ በል። የደም ግፊትህንም ተለካ፣ የአባትህን ታውቃለህ።

ለዚያች ተማሪዬ ደብዳቤ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጃለሁ። አድራሻዋን አላጣሁትም። የዚህኛውን ግልባጭ ብልክላት ይሻል እንደሆነ እያሰብኩ ነው። አንተ ምን ትላለህ?

የደብተሯን ሁለት ገጾች ፎቶ አንስቼ ልኬልሃለሁ። ለተማሪዎችህ አሳያቸው፣ የእኔንም ጥፋት ንገራቸው። እሑድ ስትደውል የ3ቱን ልቦች ሰዓት ይዘህ ቅረብ።

እናትህ

ፈሳሹ ደፈረሰ ያልከው ካልሲየሙን ቀድመህ እየጨመርክ ነው። መጀመሪያ ጋዙን ንፋበት፣ ካልሲየሙ መጨረሻ ላይ ይግባ። የትናንቱን ድፋው።