የሳር ምድርም ጠባቂ ይሻል

ክቡር አዘጋጅ፣

የተፈጥሮ ጥበቃ ሲነሳ ደን ብቻ ስለሚታሰበን፣ በአሜሪካ ሰሜን ዳኮታ የሚገኘውን የሊትል ሚዙሪ ብሔራዊ የሳር ምድር ላስታውስ። 400,000 ሄክታር የሚያህለው ይህ ሜዳ ውሃና ነፋስ በቦረቦሯቸው ገደላ ገደሎች የተቆራረጠ ሲሆን፣ ከፊሉን መንግሥት የገዛው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ድርቅ ከከሰሩ ገበሬዎች ነው። ዛሬ የነዳጅ ጉድጓዶችና የጭነት መኪና መንገዶች ይከፋፍሉታል። ነዳጁ ለብዙዎች እንጀራ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም በየመንገዱ ዕቅድ ላይ አስተያየት የሚጽፉት፣ ስብሰባ የሚቀመጡት፣ ሸለቆውን በእግራቸው የሚቃኙት ነዋሪዎች ሊደመጡ ይገባል። በአጠገቡ ያለው የቴዎዶር ሩዝቬልት ብሔራዊ ፓርክ ስፋቱ 28,000 ሄክታር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ከፓርኩ ወሰን ውጪ ለቀረው ሳር የሚሟገቱት በአብዛኛው እነዚሁ ሰዎች ናቸው። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን የሳር ምድር በአባቶቹ ደንብ ለዘመናት መጠበቁን ለሚያውቅ አንባቢ ነገሩ እንግዳ አይሆንም።

አክባሪዎ፣
አንድ አንባቢ